ኮልፌ ላይ ለቴአትር የተነፋው ጥሩምባ

አራት ሰዓት፤ ከፒያሳ

እሑድ ጧት ከፒያሳ ተነሥቼ ኮልፌ የሄድኩት ቴአትር ለማየት ነው። ቴአትር ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ቴአትር ፍለጋ ኮልፌ ድረስ ሲሄድ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ ሊቀዳ ዳገት የወጣ ይመስላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

የእኔ ሥራ ወጣት ጸሐፊዎች የሚልኩልንን አዳዲስ ተውኔቶች አንብቤ ለአለቃዬ አስተያየት ማቅረብ ነው። አብዛኞቹ ንጉሥ አላቸው፤ ንጉሡ መካሪ አለው፤ መካሪው ደግሞ ያለ ግጥም ውሃ እንኳ አይጠይቅም። ባለፈው ክረምት ግን ሽመልስ የሚባል የኮልፌ አስተማሪ “አጥር ለአጥር” የሚል ድርሰት ላከ። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ድንበር ይጣላሉ፣ ለዓመታት ይኮራረፋሉ፣ አንደኛው ይሞታል። ሌላው ለቅሶ መድረስ እያማረው ከአጥሩ ጀርባ እንደ ቆመ መጋረጃው ይዘጋል። በቃ። አንብቤ ስጨርስ ምሳዬ ቀዝቅዞ ነበር።

አለቃዬን ግን አልጣመውም። “ይህንን በየጎረቤቱ በነፃ እናየው የለ? ማን ትኬት ቆርጦ ይገባል?” አለኝ። ስጨቀጭቀው ሰነበትኩና በመጨረሻ ተሸነፈ። “ልጁ እሑድ በሰፈሩ የእድር አዳራሽ ሊያሳየው ነው አሉ። ሂድና እይ። ሕዝቡ ካዛጋ ድርሰቱን እዚያው ቅበረው፤ ካላዛጋ ሰኞ እንነጋገራለን።” የሽመልስ የሦስት ዓመት ድካም በኮልፌ ሰዎች ማዛጋትና አለማዛጋት ላይ ተንጠለጠለ። ይህንንም ለሽመልስ ነገርኩት፤ ባልነግረው ይሻል ነበር።

ለቴአትር ክብር ስል ጥቁር ሙሉ ልብሴን ለብሼ ጥቁር ክራባት አሰርኩ። እስከ መርካቶ በአሥራ አምስት ሳንቲም አውቶቡስ፣ ከዚያ በጋሪ። ባለጋሪው ሃያ አምስት ሳንቲሙን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“ለቅሶ ነው?”

“አይደለም፤ ቴአትር ነው።”

“ኮልፌ? ኮልፌ ያለው ገበያና ባሕር ዛፍ ነው፣ ጌታዬ። ቴአትሩ ወደ መጡበት ነው” ብሎ ፈረሱን ነካ አደረገ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ የክረምቱን ጭቃ ገና አልጨረሰም። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ የጫኑ አህዮች ከገበያ ሲመለሱ እያሳለፍን፣ እኔም ሱሪዬን በሁለት እጄ ሰብስቤ ገባሁ።

ስድስት ሰዓት፤ ኮልፌ

ሽመልስ ከገበያው በላይ ካለች ምግብ ቤት እየጠበቀኝ ነበር። ቆጮ በጎመንና በአይብ አዘዘልኝ፤ ለሁለታችን ስሙኒ ከፍሎ እሱ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሰም። ቀጭን፣ ጣቶቹ ላይ የጠመኔ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። የተኳረፈውን ጎረቤት ራሱ ነው የሚጫወተው። ሌላ የጠየቀው ሰው ሁሉ “እኔ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ሆኜ በሰፈሬ አልታይም” ብሎ እምቢ አለው።

አብረውን የተቀመጡት ጋሽ ሙዘሚል ይባላሉ። በአዘቦት ገመድ ይሸጣሉ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ እየዞሩ ጥሩምባ ነፍተው እድርተኛውን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በቴአትሩም ውስጥ ራሳቸውን ሆነው ጥሩምባ ይነፋሉ።

“ጋሽ ሙዘሚል፣ ዛሬ ቀስ አድርገው ይነፉታል አይደል?” አላቸው ሽመልስ።

“ጥሩምባ ቀስ ተብሎ አይነፋም፣ መምህር። ወይ ይነፋል፣ ወይ ይተዋል።”

በልምምድ ጊዜ አንድም ቀን ነፍተውት እንደማያውቁ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰው ሳይሞት ማስጮህ ስለከበዳቸው በአፋቸው “ጡ” ይሉና ያልፉት ነበር። ለዛሬው ግን የእድሩ ዳኛ ፈቅደዋል። “ሰውም እንዳይደናገር ማስታወቂያ ጽፈን አዳራሹ በር ላይ ለጥፈናል” አለኝ ሽመልስ። አዳራሹ ጋ ያልመጣ ሰው የአዳራሹን በር እንዴት እንደሚያነብ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ዘጠኝ ሰዓት፤ አዳራሹ

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ረጅም ቤት ነው። መድረኩ ገጥመው የቸነከሯቸው ጠረጴዛዎች ናቸው፤ መሐሉ ላይ እውነተኛ የባሕር ዛፍ አጥር ቆሟል። ከመድረኩ ጀርባ ደግሞ የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ይቀመጣል። እኔን “እንግዳ ነው” ብለው ከፊት አግዳሚ ላይ ብቻዬን አስቀመጡኝ።

እኔ ሥራዬ ነውና ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ሕዝቡን አየው ነበር። ያዛጋ የለም። ሽመልስ አጥሩን አንድ ስንዝር ወደ ጎረቤቱ ሲገፋ ሴቶቹ “ኧረ ነውር ነው!” አሉት። ጎረቤትየው በበነጋታው ሁለት ስንዝር ሲመልስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደስ አለኝ፤ የሰኞውን ንግግሬን በልቤ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ጎረቤትየው ሞተ። ጋሽ ሙዘሚል ከመድረኩ ጥግ ብቅ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነፉ።

ጣራው ተንቀጠቀጠ። ድምፁ በመስኮቱ ወጥቶ ገበያው ጋ ሲደርስ ተሰማኝ። ጥሩምባ በማለዳ ነው የሚነፋው፤ ከሰዓት በኋላ ከተነፋ ድንገተኛ ሞት ነው። ብዙም ሳይቆይ ደጁ በሩጫ ተሞላ፤ በሩም ተበረገደ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ገቡ። ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ነጋዴዎች ገቡ። የድንኳን ተረኛ የሆኑ ሁለት ጎልማሶች ደግሞ ግራ ቀኝ ሳያዩ መድረኩ ላይ ወጡ፤ በሽመልስና በአጥሩ መሐል አልፈው ድንኳኑን ይጎትቱ ጀመር።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ከፊት የተቀመጠውን ባለጥቁር ልብስ እንግዳ አዩ። መጥተው እጄን ያዙኝ። “እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ” አሉኝ። ከኋላቸው ሌላው፣ ከሌላው ኋላ ሌላው ተሰለፈ። “ኧረ እኔ...” ብል የሚሰማኝ አጣሁ። በሕይወቴ ይህን ያህል ሰው እጄን ይዞት አያውቅም።

የእድሩ ዳኛ ከመቀመጫቸው ተነሡ። “ይቁም! ለሰፈሩ ሰው መነገሩን ሳላጣራ ፈቀድኩ። ጥሩምባችን ዋሸ! ነገ በእውነት ቢነፋ ማን ይመጣል?” ብለው ጮኹ። ጋሽ ሙዘሚል ጥሩምባቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት። ሽመልስን አየሁት፤ ከአጥሩ ጀርባ እንደ ቆመ ደርቋል። ሦስት ዓመቱ ዓይኑ እያየ ሲፈርስ እኔም አየሁ።

“የሞተው ማን ነው?” አሉ በሩ አጠገብ የቆሙ አሮጊት። እማማ አስካለ ይባላሉ፤ በኋላ ነው ስማቸውን የሰማሁት።

“የሞተ የለም እማማ፣ ቴአትር ነው” አሏቸው አጠገባቸው ያሉት። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ተጣልተው፣ አንደኛው ሞቶ፣ ያኛው ለቅሶ መድረስ አቅቶት ማለት ነው ብለው ታሪኩን ነገሯቸው። እማማ አስካለ አዳምጠው ወደ መድረኩ ተጠጉ።

“ያልደረሰው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ” አለ ሽመልስ።

“በል ውጣና ድረስ!” አለ ሕዝቡ። “ና ውጣ! ሬሳ ይኮረፋል?” ሽመልስ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። አንዲት እርምጃ ቢወጣ ሁሉም ይታረቁት ነበር። ድርሰቱን ስላነበብኩ መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ አይወጣም። ዳኛው እያፈጠጡበት፣ ሰፈሩ እየጮኸበት ራሱን ነቀነቀ።

“አልችልም” አለ። “እግሬ እምቢ አለኝ።”

እማማ አስካለ ትንሽ አዩትና የጠረጴዛውን ጠርዝ ተደግፈው መድረኩ ላይ ወጡ። አጥሩን ዞሩ፤ ከሽመልስ አጠገብ ቁጭ አሉ።

“እኛ እንመጣለን እንጂ” አሉ። “ካንተ የባሰ ለቅሶ የማን አለ፣ የኔ ልጅ?” ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሌሎቹ ሴቶችም እየወጡ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሽመልስ አለቀሰ፤ ያልተጻፈ ልቅሶ ነበር። ዳኛው ቀስ ብለው ቆባቸውን አወለቁና ተቀመጡ፤ መጋረጃውን የዘጋ ሰው የለም።

መመለሻ

“ይህንን አልጻፍኩትም” አለኝ ሽመልስ ደጅ ስንወጣ።

“አሁን ጻፈው።”

“እሳቸውን ማን ይጫወትልኛል?” ብሎ ወደ እማማ አስካለ ዞረ።

“እኔን ተወኝ” አሉ አሮጊቷ፤ “በውሸት ማልቀስ አልችልም።”

ጋሽ ሙዘሚል እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሸኙኝ ማለት እንኳ አይደለም፤ በየጥጉ እየቆሙ “የሞተ የለም! ቴአትር ነው! የሞተ የለም!” እያሉ የነፉትን በአፋቸው ሲመልሱ እኔ ተከተልኳቸው። ሴቶች ከየበሩ ብቅ እያሉ “ተመስገን!” ይላሉ፤ ቀጥሎም “የምን ቴአትር?” ይጠይቃሉ።

“ጥሩምባው ዋሸ ይላሉ?” አልኳቸው።

“ያ ሁሉ እንባ በውሸት ወጣ ለማለት ይከብደኛል። ሁለተኛ ግን ሰው ሳይሞት አልነፋም።”

ፒያሳ የደረስኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የተከራየሁበት ግቢ ስምንት በር አለው። ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖረውን ሰው በሳሉ እንጂ በስሙ አላውቀውም። የሰፈሩ እድር ሁለት ጊዜ ግባ ብሎኝ “ገና ወጣት ነኝ” ብዬ መልሻለሁ። ጥቁር ልብሴን ሳወልቅ ያ ሁሉ የኮልፌ እጅ ትዝ አለኝና አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ አለቃዬ “አዛጉ?” አለኝ።

“አላዛጉም። አልቅሰው ነው የወጡት።”

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ድርሰቱን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። “ይታይ እንግዲህ። ሰውየውን ከነጥሩምባው ጥራልኝ” አለ።

“ጥሩምባው ኮልፌ ይቅር።”

“ምነው?”

“እዚህ ቢነፋ ማን ይመጣል?”

አለቃዬ ሳቀ። እኔ ከሥራ እንደ ወጣሁ የሰፈራችንን እድር ጸሐፊ ቤት አጠያይቄ ሄድኩ፤ መንገዱን ያሳየኝ ከግድግዳዬ ማዶ የሚስለው ሰውዬ ነው።