ልጄ ያልተረጎመችልኝ ቃል

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። ለሳንባዬ ቼክአፕ በሄድኩ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ያኔ ሂትሮው አየር ማረፊያ ጽዳት እሠራ ነበር። ሳል ያዘኝና አልለቅ አለኝ። ሲጋራ በእጄም ነክቼ ስለማላውቅ ጂፒዬ፣ የሰፈሬ ሐኪም፣ አንቲባዮቲክ እየሰጠ ይመልሰኛል። ደም ሳስል ነው ሆስፒታል የላከኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ለሥራና ለአውቶብስ እንጂ ለሐኪም አይበቃም፤ እዚሁ ለንደን የተወለደችው ልጄ ሰሚራ ነበረች አስተርጓሚዬ።

የውጤቱ ቀን ሐኪሙ ብዙ አወራ። ሰሚራ ዞር ብላ፣ «ሳንባሽ ላይ ትንሽ ኢንፌክሽን አለ፣ በኦፕሬሽን ያወጡታል» አለችኝ። ያን ሁሉ አውርቶ ይቺን ብቻ? አልኩ በሆዴ። ፊቷ አመድ መስሏል። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ አልጠየቅኳትም።

ለነገሩ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አያቷ አዲስ አበባ ታመው ሳሉ፣ ሁላችንም በስልክ «ጉንፋን ነው» እያልናቸው ነው የሞቱት። «ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም» ስል ሰምታኛለች።

ነገሩ የገባት አንዲት ጃማይካዊት ነርስ ናት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰሚራን ፎርም አስይዛ ሪሴፕሽን ላከቻትና፣ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። ሁሉንም ማወቅ እፈልግ እንደሆነ አስቀድማ አስጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ የሳንባ ካንሰር ነው። ግን ገና አልተሰራጨም፤ ይወጣል ነው የምትለው» አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ፣ ይግረማችሁ፣ ቀለል አለኝ።

ሰሚራ ተመልሳ ፊቴን ስታይ ገባት። እቅፌ ውስጥ ወድቃ፣ «እማዬ፣ ለብቻዬ ከበደኝ» አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም።

ኦፕሬሽኑ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተሳካ። ከዓመት በኋላ ያቺው ነርስ ለሰሚራ ደወለች። የጤና ኃላፊዎች ለሳንባ ካንሰር ሕክምና አዲስ መመሪያ ሊያወጡ ስለሆነ፣ ከታማሚዎች አፍ መስማት ይፈልጋሉ። እኔም እሺ አልኩ።

ስብሰባው ላይ የተያዘልኝ አስተርጓሚ ቀረ። ያለችው ሰሚራ ብቻ ናት። ልናገር የመጣሁት ደግሞ ስለ እሷ ነው! ልጄን በገዛ አፏ ላሳጣት? ልተወው አሰብኩ። ሐሳቤ ገብቷት ጠጋ አለችና፣ «እማዬ፣ ያሰብሽውን ሁሉ ተናገሪ። ዛሬ አንድም ቃል አላስቀርም» አለችኝ።

ስለ ሳሉና ስለ አንቲባዮቲኩ ነገርኳቸው። ቀጥዬ፣ «ልጄ በሽታዬን ደበቀችኝ። አልፈርድባትም፤ የእናቷን ካንሰር ልትነግራት እንዴት አፏ ይታዘዛት? ይህን ሸክም ልጅ ላይ አትጣሉ» አልኩ። ሰሚራ ተረጎመችው። እኔ ጨርሼም እሷ ትንሽ ቀጠለች።

ወደ ሰፈራችን ስትሪትሃም ስንመለስ አውቶብስ ላይ፣ «መጨረሻ ላይ ምን ጨመርሽ?» አልኳት።

«ያቺ ልጅ እኔ ነኝ አልኳቸው።»

በእኔ ቃል ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ዛሬ ሆስፒታላችን ቀጠሮ ሲይዝልኝ አስተርጓሚ እፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቀኛል። ያቺን ነርስና ስሙን እንኳ የማላውቀውን የስልኩን ሰው ዱዓ ሳደርግ አልረሳቸውም። ሰሚራም አሁን አብራኝ ትመጣለች። የሚተረጉም ሌላ ሰው ነው፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ትይዘኛለች።