ክፍል ውስጥ የሚጮህ ሆድ

በባዕድ አገር በምኖርበት ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ የባቡሩ ሐዲድ ገና በሚዘረጋበት ዘመን፣ በአርባ ዓመቴ ኮሌጅ ገባሁ። የፈራሁት እንግሊዝኛውን ነበር። ያዋረደኝ ግን ሆዴ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሁዳዴ ሲገባ ነው። የአናቶሚ ክላሳችን አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ። ከሥራ ወጥቼ የኮሌጁ ግቢ መኪናዬን ፓርክ አደርግና፣ መጽሐፉን መሪው ላይ ደግፌ፣ አንድ ዓይኔን ከገጹ ሳላነሳ ምስሩን በእንጀራ እየጠቀለልኩ እጎርሳለሁ። በላዩ ላይ በረዶ የሞላበት ውኃ። ከዚያ ገብቼ የፈተና ወረቀት ሲታደልና ክፍሉ ጭጭ ሲል፣ ሆዴ ንግግሩን ይከፍታል።

በመጀመሪያው ፈተና ከኋላ የተቀመጡት ልጆች መሳሳቅ ሲጀምሩ፣ ግማሹን ሳልሠራ አስረክቤ ወጣሁ። ሁለተኛ እንዲህ ከሆንኩ ኮርሱን እወድቃለሁ። እሱን ከወደቅኩ ነርስነቱም ቀረ።

አጠገቤ የምትቀመጥ፣ እንደኔው ልጆቿን አሳድጋ ዘግይታ የመጣች ሕንዳዊት ነበረች። ከፈተናው በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

«ምን በልተሽ ነው?»

«ምስር።»

«የት?»

«መኪና ውስጥ።»

«እያነበብሽ?»

መጽሐፉን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

«እንግዲያው ሆድሽ እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እጮህ ነበር።»

በማግሥቱ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ወዳለ የሕንድ ቅመም ሱቅ ወሰደችኝ። ከእናቷ የተማረችው የአገሯ የጥንት ሕክምና፣ አዩርቬዳ የምትለው፣ ሆድ ውስጥ እሳት አለ ይላል። እሳቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይበረታል፤ ስለዚህ ዋናው ምግብ በእኩለ ቀን ነው። የበረዶ ውኃ ያጠፋዋል። ከምግብ በፊት ዝንጅብል በጨው፣ ከምግብ በኋላ የተቆላ ነጭ አዝሙድና እንስላል።

«እነዚህማ ቤቴ አሉ» አልኳት።

«እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«ወጥ ውስጥ እጨምራቸዋለሁ።»

«አሁን ደግሞ አኝኪያቸው።»

በመጨረሻ ትሪፋላ የሚባል፣ ከሦስት ደረቅ ፍሬዎች የተፈጨ ዱቄት አስያዘችኝ። «ትንሽ ማንኪያ በሙቅ ውኃ፣ ከቀኑ የመጨረሻ ምግብ በኋላ።»

እኔ መመሪያ ከተሰጠኝ ዝንፍ አልልም። የቀኑ የመጨረሻ ምግቤ የቱ ነው? ያው የዘጠኝ ሰዓቱ፤ በጾም ሌላ አልበላማ። ስለዚህ እዚያው መኪናዬ ውስጥ በጥብጬ ጠጣሁና ክላስ ገባሁ። ትሪፋላ ሆድ እንደሚያስኬድ የነገረኝ ሰው የለም። ትምህርቱ ስለ ልብ ነበር። የልብን ቀኝ ወገን ተምሬ፣ ግራውን መጸዳጃ ቤት አሳለፍኩት።

ስነግራት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «ከመኝታ በፊት ማለቴ ነበርኮ! በቀን አንዴ ብቻ ነው የምትበሉት?»

«በጾም።»

«እኛም እንጾማለን። ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ አንድ ድስት ምስር አንደፋም። እኩለ ቀን ላይ ብትበዪ ምናለ?»

ያንን የምወስነው እኔ አይደለሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ሆዴ ክፍል ውስጥ እየጮኸ አስቸገረኝ።»

«ምን ይላል?»

«አባ፣ አይቀልዱብኝ፤ ልወድቅ ነው።»

«ትምህርቱ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ሰው አካል።»

«ታዲያ አካሉ ራሱ እያስተማረሽ አይደል? እስከ ስድስት ሰዓት ጹሚ፤ ይበቃሻል። ግን ቁጭ ብለሽ ብዪ። መኪና ውስጥ ብዪ አላልኩሽም።»

«ዱቄቱስ ያስገድፋል?»

«ከምንድን ነው?»

«ከፍሬ።»

«ልጄ፣ ሂጂ አጥኚ።»

እኔም እንደተባልኩት አደረግኩ። ግሪን ቫሊ ራንች ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤቴ፣ ጠዋት ውኃም ሳልቀምስ እወጣለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የዕረፍት ክፍል፣ ሙቅ ውኃ ጠጥቼ፣ ዝንጅብሌን አኝኬ፣ ሽሮዬን አሙቄ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። መጽሐፍ የለም። ከሁሉ የከበደኝ ይኼ ነበር፤ ዓይኔ ሥራ ሲፈታ የጨው ዕቃውን ጽሑፍ ያነብ ጀመር። ቀስ እያልኩ ግን ሽሮው ውስጥ ያለውን በሶብላ ለየሁት፤ ለካ ለዓመታት ስበላ የኖርኩት ሳልቀምስ ነው። ከአንገቴ በታች ከበሮ የነበረው ሆዴም ጎደለ። ዱቄቱን የምጠጣው ልተኛ ስል ሆነ። ቀሚሴ ሲሰፋኝ ባለቤቴ «ሕንዶቹ ሚስቴን ቀነሱብኝ» ይል ነበር።

ትልቁ ፈተና ከሆሳዕና በፊት ዋለ። ወረቀቱ ታደለ፤ ክፍሉ ጭጭ አለ። እርሳሴን ይዤ፣ ጥያቄውን ሳይሆን ሆዴን አዳመጥኩ። ምንም የለም። ሁለት ገጽ ሠራሁ። ሦስተኛው ላይ ሆዴ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ትንሽ ድምፅ አሰማ፤ አጠገቤ ያለችው ሕንዳዊት ጉልበቴን በጉልበቷ ነካ አደረገችኝ፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቄን ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩትና ወደ አራተኛው ገጽ ገለበጥኩ። ሁሉንም ሠርቼ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ አየሁት። አስተማሪው ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ እስኪቆም ድረስ አልተነሳሁም።