ከጤነኛዋም ደም ውሰድ

የያዙኝ አሰላ፣ ከማስተምርበት ክፍል በር ላይ ነው። አቤቱታ ላይ ፈርመሻል ተባልኩ። ያስገቡኝ የእስር ቤት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ብርድ ልብሶቹ ቅማል ነበረባቸው።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አጠገባቸው ከጮሌ ወረዳ የመጣች ልጅ በትኩሳት ትነድዳለች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ተነሥታም በላች። የእስር ቤቱ ወጣት ሐኪም መጥቶ ደሟን የወሰደው ያን ዕለት ነው። ወባ የለም፣ ታይፎይድ አለ ተባለ። ኪኒን ተሰጣት።

በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ።

«ውጤቱ ታይፎይድ ነው የሚለው» አለ ሐኪሙ። «ኪኒኑን ትጨርስ።»

እትዬ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ይሄ ምርመራ ድሮ ታሞ የዳነውንም ታሟል ይላል። ካላመንከኝ ከጤነኛዋም ደም ውሰድ» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ቅር አለው፤ ግን ወሰደ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«የሷም ፖዘቲቭ ነው።»

እኔ ዳቦ እየገመጥኩ ነበር። ራሴን እንኳ አላመመኝም።

«ታዲያ ወረቀቱ ዋሸ?» አልኳቸው።

«አልዋሸም። ደምሽ በሽታውን ያውቀዋል ነው ያለው። ዛሬ አሞሻል ያልነው እኛ ነን።» ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «ትኩሳቷ ሄዶ ተመልሷል፤ ክፍሉ ቅማል ሞልቶታል። ያን ጊዜ ደሟን የወሰድከው ትኩሳቱ በለቀቃት ቀን ነው። አሁን እየነደደች ሳለ ውሰድና በማይክሮስኮፕ እይ።»

ጣቷን ወግቶ ሄደ። ከቀትር በፊት እየሮጠ ተመለሰ።

«ግርሻ ነው እትዬ፣ ከቅማል የሚመጣው ትኩሳት! ጀርሙን እንደተጠማዘዘ ክር ሆኖ አየሁት!»

የመድኃኒቱን መርፌ ሊወጋት ሲል «ከዚህ በኋላ ክፉኛ ያንቀጠቅጣታል፤ አትራቅ» አሉት። ልክ እንዳሉት ሆነ። ሐኪሙ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ እጇን ይዞ ቆየ። አመሻሹ ላይ ልጅቱ ውኃ ጠየቀች። እትዬ መሣሪያ በእጃቸው የለ፣ መጽሐፍ የለ፤ በማየትና በመጠየቅ ብቻ ነፍስ አተረፉ።

በማግስቱ ለቅማሉ ሲባል ልብሳችን እንዲቀቀል፣ የልጅቱ ፀጉር እንዲላጭ ታዘዘ። ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና በኦሮምኛ «ላኪ፣ ላኪ»፣ አይሆንም አይሆንም እያለች እምቢ አለች። እትዬ ሻሻቸውን ፈትተው ፊቷ ተቀመጡ።

«መጀመሪያ የእኔን።»

ነጭ ሹሩባቸው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ቀጥዬ እኔ ተቀመጥኩ። ከእኔ በኋላ ልጅቱ እጇን ከራሷ ላይ አወረደች።

ተፈትቼ አሁን በቆጂ ነው የማስተምረው። ልጄ ሲታመምብኝ የምርመራውን ወረቀት ለሐኪሙ እሰጥና «እርስዎ ሲያዩት ምን ይመስልዎታል?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያኖርና ጎንበስ ብሎ ልጄን «መቼ ጀመረህ?» ይለዋል።