ከጆንያው ሥር የወጣው ቆብ

ባለፈው እሑድ ልጄ ትዕግሥት ከደብረ ብርሃን መጣች። እንደ ልማዷ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ዘይቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ፈታሁት፤ ቆብ ነው። ብጫ፣ አዲስ፣ የልብስ ሰፊው ጠመኔ እንኳ ገና ያልለቀቀው። የአባቷ ሙት ዓመት ከወጣ ወዲህ ስታስብበት እንደቆየች፣ ቄሱንም እንዳነጋገረች ነገረችኝ። እኔን ግን አላነጋገረችኝም።

ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው። ጥርሴ አልረገፈም፣ ጉልበቴ ደህና ነው፣ የመሐል ሜዳ ገበያ ወጥቼ ስከራከር ነጋዴው ይማረራል እንጂ አያሸንፈኝም። በእኛ አገር ግን ባሏ የሞተባት፣ ልጇን የዳረች ሴት ቆብ ትደፋለች፤ እማሆይ ትባላለች፤ ከእንግዲህ ሥራዋ ጸሎትና ሞቷን መጠበቅ ነው። ወዳ ላደረገችው ክብር ነው፣ አልቃወምም። እኔ ግን ያንን ቆብ መልሼ በጋዜጣው ጠቀለልኩት። በእጄ ቆብ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ አልነበረማ።

መንግሥት ከተለወጠ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ባሌ ደምሴ ሠላሳ አንድ። ሠራዊቱ ሲበተን ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ የተመለሰ ወታደር ነበር። ብርድ በገባ ቁጥር ያ ጉልበት ያስጮኸዋል። የመንዝን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ይህን አይረዳውም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ገብሱን መትቶ አይበቃውም፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ያድራል። ስለዚህ አቅሙ ያላቸው ጡረተኞች ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ፣ ባልና ሚስት እየሆኑ፣ ወደ ቆላ ይወርዱ ነበር። እስከ ቀየት ከተማ በመኪና ነው። ከዚያ ዕቃው በአህያ፣ ሰው በእግሩ፣ ወደ መርሐቤቴ በኩል ያለውን ገደል ግማሽ ቀን ቁልቁል። ገደሉ ሥር ፍል ውሃ አለ። ቄስ ስለባረከው ጠበልም ነው፤ ቁርጥማትም ይዞህ ና፣ ስለትም ይዘህ ና፣ ለሁሉም ያው ነው።

ደምሴ ለጉልበቱ ወረደ። እኔ ለማህፀኔ። ከተጋባን አምስት ዓመት ሞልቶን ልጅ አልነበረንም፤ አማቴ ደግሞ በየክርስትናው እየጠራች፣ ለእኔም እንዲደርሰኝ የሰው ልጅ ታሳቅፈኝ ነበር። ምን እንዳሳቀፈችኝ እኔ አውቃለሁ።

እዚያ ሰፈር ዘጠኝ ጥንድ ነበርን፤ ከእኛ በቀር ሁሉም ሽማግሌ። አስተማሪ የነበረ፣ ጸሐፊ የነበረ፣ ፖሊስ የነበረ። ጎጆው ቅርንጫፍ ነው፣ ላዩ ላስቲክ። እኔንና ደምሴን "ሙሽሮቹ" ይሉናል፤ ጠዋት አርፍደን ከወጣን ጉድ ነው፣ የማይጠይቁን ነገር የለም። በደጋው ተኮራምተው የሚኖሩ ሰዎች ሙቀት ሲያገኙ እንዲህ ይሆናሉ ብዬ አላስብም ነበር። ወንዶቹ በካኒቴራ ተቀምጠው ገበጣ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ የየባላቸውን ማንኮራፋት ያወዳድራሉ። ደስ ይሉ ነበር፤ ይህን ልካድ ብል ሐሰት ነው።

እሑድ እሑድ የተራ ገበታ አለ። ሕጉን ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ባለተራዎቹ ባልና ሚስት አብረው ያስተናግዳሉ። ወንድየው ማስታጠቢያ ይዞ የሁሉንም እጅ ያስታጥባል፤ አገሩ ላይ ለራሱ ውሃ ቀድቶ የማይጠጣ ሰው! ገበታው ሲቀርብ ደግሞ ማንም ሳይቀምስ ባል ለሚስቱ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያጎርሳል። ጾም ስለነበር ስልጆና የሱፍ ፍትፍት ነው የሚጎረሰው፤ እልልታው ግን የሠርግ ነው። አንዳንዷ አርባ ዓመት በትዳር ኖራ ከባሏ እጅ ስትጎርስ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሲጎራረሱ ዓይኔን የማልነቅልባቸው ጋሽ ተካልኝና እትዬ አስካለ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የሞላሌ ሰው፤ ግሼም ብዙ ዘመን አስተምረዋል። ሚስታቸው የግሼ ሰው፤ ከግሼ ደግሞ ሌላ ማንም አልነበረም። ወደ ስልሳ ይጠጋሉ፣ ግን ጉርሻውን ሲቀበሉ እንደ ልጃገረድ አንገታቸውን ይሰብራሉ። እኔን "የሺዬ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ውሃ ውስጥ ስንገባ ሆዴን በመዳፋቸው እያሹ "አይዞሽ፣ ይሰጥሻል" የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሴቶች ስለ ማህፀኔ ያወሩ ነበር እንጂ አይዞሽ አላሉኝም። አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር፤ እትዬ አስካለ ውሃ ውስጥም ሻሻቸውን አይፈቱም።

ገና ሳምንት ሲቀረው ወባ ነገር ጣላቸውና ልብሳቸውን ላጥብ ጎጆአቸው ገባሁ። የልብሱን ጆንያ ስገለብጥ ከሥሩ ነጠላ የተጠቀለለበት ቆብ ወደቀ። ቀና ስል እያዩኝ ነው። ሻሹ ተንሸራትቷል፤ ጸጉራቸው ገና አንድ ጣት ያደገ።

አልዋሹኝም። ባላቸው በሞቱ በሦስተኛው ዓመት ጋሽ ተካልኝ ሽማግሌ ላኩ፤ ልጆቻቸው ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሷቸው። በዚያው ክረምት እትዬ አስካለን ትኩሳት ጣላቸው፤ ሰው መለየት አቃታቸው። ልጆቹ ሞተች ብለው ቄስ ጠርተው፣ ጸጉራቸውን አስላጭተው፣ አንደበታቸው እንደተዘጋ ቆብ ደፉላቸው።

"ስነቃ መነኩሴ ነኝ" አሉኝ። "መዳኔን እንጂ ማን መሆኔን የጠየቀኝ የለም።"

ከዚያ ወዲህ ዘጠኙን ወር ግሼ እማሆይ ናቸው። ሦስቱን ወር ለልጆቻቸው "ለሱባኤ ገዳም እሄዳለሁ" ብለው ይወጣሉ፣ መንገድ ላይ ቆቡን አውልቀው ሻሽ ያስራሉ፣ እዚህ ሚስት ይሆናሉ። ምስጢሩ ከወጣባቸው ልጆቹ ከእንግዲህ ከደጅ እንደማያስወጧቸው ነገሩኝ፤ በማርያም አስማሉኝ። ማልኩ። ስምል ከልቤ ነበር፤ ይህንንም አልክድም።

ገና አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ለብ ብሎ አገኘነው። በሦስተኛው ቀን ይባስ ብሎ ቀዘቀዘ። የደምሴ ጉልበት ያብጥ ጀመር፣ ሽማግሌዎቹ ማቃሰት ጀመሩ። እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ነበሩ፣ የጡረተኛው ሾፌር ሚስት፣ የሰፈሩ አዛዥ፤ ሴቶቹን ሰብስበው ውሃው ሰው ተጸይፎ ነው አሉ። ከመካከላችን ሳትነጻ የምትገባ አለች፣ የሌሎቻችሁንም በረከት ይዛባችሁ ትሄዳለች አሉ። ይህን ሲሉ ሆዴን አዩት።

ያን ቀን ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ሄጄ ለእትዬ በላይነሽ የቆቡን ነገር ነገርኳቸው። ማንም አላስገደደኝም። አምስት ዓመት ልጅ የለመንኩት አምላክ በሌላ ሰው ኃጢአት ፊቱን አዞረብኝ ብዬ አመንኩ፤ ማመኑም ደስ አለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑ። "በእርስዎና በእኔ ይቅር" አልኳቸው ደግሞ። ሞኝ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የዚያ እሑድ ተራ የእነ ጋሽ ተካልኝ ነበር። ጾሙ ስለተፈታ ከደጋ ጠቦት አስነድተው አስመጥተው ነበር። ድፎ ዳቦው ሲጋገር ሽታው ሰፈሩን ሞላው፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ሳሩ ተጎዝጉዟል። ጋሽ ተካልኝ ማስታጠቢያውን ይዘው፣ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በር ላይ ቆሙ። ከየጎጆው ማንም አልወጣም። እኔም ራሴን አመመኝ ብዬ ተጋደምኩ። ምንም የማያውቀው ደምሴ ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ሄደ።

ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እንደነገረኝ ጋሽ ተካልኝ እጁን አስታጠቡት። ከዚያ እንደ ሕጉ ለሚስታቸው አጎረሱ፣ ዘጠኝ ጥንድ እንዳለ ሁሉ። እትዬ አስካለም ጉርሻውን ከእንባቸው ጋር ዋጡት። "ምን አድርገዋቸው ነው?" አለኝ ደምሴ። ምን አውቃለሁ አልኩት። ቆላ ላይ ሥጋ አይውል አያድር፤ በማግስቱ አሞራ ዞረው።

በስምንተኛው ቀን የእትዬ አስካለ ልጅ በቅሎ እየሳበ ወረደ። ማን እንደላከበት ማንም አልጠየቀም፤ የአገሩን መንገድ ሁሉ የሚያውቅ ሾፌር አለና። ይጮሃል፣ ይማታል ብለን ነበር። ጋሽ ተካልኝ ፊት ሲቆም ግን ኮፍያውን አወለቀ።

"የኔታ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ምን ልበልዎ?" አለ።

ጋሽ ተካልኝ እንደ ተማሪ መሬት መሬት አዩ። ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። "እማሆይ፣ ይነሡ" አላቸው። የገዛ እናቱን፣ በአንቱታ። ከዚያ ቆቡን ጠየቀ። እትዬ አስካለ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። ጎጆው ውስጥ ገብቶ ዕቃውን ይወረውር ጀመር፤ ሰሐኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ የጋሽ ተካልኝ ሸሚዝ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ቶሎ እንዲያልቅ ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት ልስጥ ብል የለኝም። ገባሁ፣ ጆንያውን ገለበጥኩ፣ ቆቡን ከሥሩ አወጣሁ።

እትዬ አስካለ በእጄ ላይ ሲያዩት ሁሉም ነገር ገባቸው። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት! እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ "ለነፍስዎ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

"ነፍሴስ ጌታ አላት፣ የሺዬ" አሉኝ። "ሰው ያጣሁት እኔ ነኝ።"

ቆቡን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ደፉት። በቅሎዋ ላይ ሲወጡ ጋሽ ተካልኝ እርካቡን ያዙላቸው፤ ልጁም አልከለከለም። ዳገቱን እስኪጨርሱ ዞረው አላዩም። ደምሴ ግን አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያች ቀን እስከ ሞተባት ቀን ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በሁለተኛው ቀን ደምሴና ሾፌሩ ሽቅብ ወጥተው የውሃውን ነገር አገኙት። የላዩ አገር ገበሬ ሽንኩርቱን ሊያጠጣ የቀዝቃዛውን ምንጭ ቦይ አዙሮት፣ ትራፊው ፍል ውሃው ውስጥ ይገባል። በአንድ አካፋ፣ ዳቦ ቆርሶ ለመብላት በማይበቃ ጊዜ መለሱት። ከሰዓት በኋላ ውሃው ፈላ። እትዬ በላይነሽ እግራቸውን ነክረው "አላልኩም? እሷ ስትሄድ ተመለሰ" አሉ፤ አካፋውን ይዞ ባላቸው አጠገባቸው ቆሞ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

በዓመቱ ትዕግሥትን ወለድኩ። ሰው ሁሉ ውሃው ሰጠሽ አለኝ፤ እኔ ግን ስንት ሌሊት ሕፃኗን ታቅፌ በምን ዋጋ እንደሰጠኝ አስቤያለሁ። ጋሽ ተካልኝ በዚያው ዓመት ብቻቸውን ወርደው ነበር አሉ። ተራ የጥንድ ነው ብለው ከገበታው ዘለሏቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። እትዬ አስካለ ግሼ ላይ በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ከደጅ ሳይወጡ።

እንግዲህ ያች ሕፃን ናት ባለፈው እሑድ ቆብ ያመጣችልኝ። ደግ ልጅ ናት፤ ክፋት አያውቃትም። እኔም በዚያን ጊዜ ክፉ አልመስልም ነበር። አሁን አልፈልገውም አልኳት። እሺ፣ ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ብትታመሚ ይገኛል አለችኝ። ታምሜ ሰው ባልለይ እንኳ ቆብ እንዳትደፉብኝ አልኳት፤ ማይልኝ አልኳት። ግራ ገባት። እጄን ያዘችና እየሳቀች አየችኝ።

"ለነፍስሽ ነው እኮ፣ እማዬ።"

የራሴ ቃል ነው፣ ከራሴ ልጅ አፍ። እሺ ብዬ ቆቡን ተቀበልኳትና ጓዳ ገባሁ። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው የገብሱ ጆንያ ላይ ነበር። እዚያማ አላደርገውም፤ ከጆንያ ሥር መፈለግ ቀላል መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ማታ መኪናዋን ልትይዝ ስትል የት አስቀመጥሽው አለችኝ። እንጃ፣ ረሳሁት አልኳት።

አልረሳሁትም። ግን ቦታውን ለማንም አልናገርም።