ቶኪዬን የዘለለው ወረቀት

እስቲ ይህን ንድፍ ተመልከቱ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ዛፎቹ በእኛ የወደብ ሰፈር በናሚኡራ በቅለው የማያውቁ ዛፎች ናቸው፤ ፊት የሌላቸው ቀጫጭን ሰዎች ስኒ ይዘው ይንሸራሸራሉ። ከላይ "የአሮጌው ወደብ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት" ይላል። አሁን ከመስታወቱ አዳራሽ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ እዩ። "የጽሞና ሜዳ" ብለውታል። እዚያ ላይ ቶኪዬ ኢሶናጋ የምትባል የሰባ አንድ ዓመት ሴት ጀልባ ትጠግናለች።

አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበረው መላጊያውን ለእሷ ሰጣት። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ እዚያው ቦታ ወደ ባሕር በሚወርደው ተዳፋት ላይ ጀልባ እየሳበች፣ የበሰበሰ ሳንቃ እየነቀለች፣ ውሃ እንዳያስገባ በመጋጠሚያው ውስጥ የዛፍ ልጥ እየጠቀጠቀች ኖራለች። ተዳፋቱ ከተደለደለ ጀልባ ከባሕር የሚወጣበት መንገድ የለም፤ የእሷም ሥራ አበቃ። ጥበብ እናስተምራለን ባዮቹ የሚደለድሉት ይህንኑ ነው።

ንድፉን የሠራው መምህር ሺዮዛኪ አንድ ቀን መጥቶ እጆቿን ፎቶ አነሳ፤ ፊቷን አላነሳም። ፎቶው አሁን በንድፉ ላይ የትምህርት ቤቱን መግቢያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። እጇን ለግድግዳ፣ እሷን ለጎዳና!

ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። በሰፈራችን ማስታወቂያ በሰሌዳ ተጣብቆ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ያየ ሰው በስሙ አጠገብ እንደ ፊርማ የሚያገለግለውን ማኅተሙን መትቶ ለጎረቤት ያቀብላል። በጸደይ የንድፉ ወሬ ከቆሻሻ መጣያ ቀን ለውጥ ጋር መጣ። አርባ ሦስታችንም መታን፤ ቶኪዬም ጭምር። እኔማ ጫማ መደርደሪያው ላይ አስደግፌ፣ ሳላነብ። በበጋው ስብሰባ ሺዮዛኪ ተነስቶ "አርባ ሦስቱም ቤት ተስማምቷል" አለ። እኛ ደግሞ አጨበጨብን! እንግዳ ፊት "ውሸት ነው" ማለት ነውር ሆኖብን።

በመከር የመጨረሻው ንድፍ ሲዞር ቶኪዬ ሰሌዳውን ይዛ ቀረች። በአራተኛው ቀን የሰፈሩ ሊቀመንበር ናጋኦካ ደጇ ቆመ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

"ቶኪዬ ሳን፣ ኧረ ሰሌዳው! ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ምን ቸገራቸው? ቆሻሻው ማክሰኞ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።"

"ማኅተም እኮ 'አየሁ' ማለት ነው። ይምቱትና ይለፍ።"

"በጸደይም 'አየሁ' ነበር ያልኩት። ማነው 'ተስማማሁ' ያደረገው?"

"እኔ ለመምህሩ ቁጥሩን ብቻ ነው የሰጠሁት..."

"አንተ ልጅ፣ ያባትህን ጀልባ ስንቴ ደፈንኩለት? ያኔ ቀዳዳውን 'አየሁ' ብዬ ብቻ ብመልስለት ኖሮ እሱ ሰምጦ አንተም አትወለድም ነበር!"

ከዚያ በስሟ ላይ ሁለት መስመር አሰመረች፤ በመስመሮቹ ላይ ማኅተሟን መታች። የጻፍነውን ስንሰርዝ የምናደርገው ይህንኑ ነው። "ይኸው፣ አሳልፈው" አለችው።

ናጋኦካ ግን ፈሪ የሚያደርገውን አደረገ፦ አዲስ ወረቀት አሳትሞ ከሰፈሩ ሌላኛው ጫፍ አስጀመረው። ባለፈው ሐሙስ እኔ ዘንድ ደረሰ። አርባ ሁለት ስም። ኢሶናጋ የሚል የለም። ከእኔ በፊት ያሉት ሠላሳ አራቱ ሁሉ መትተዋል! ሃምሳ ዓመት ጎረቤት የነበረች ሴት ስትጠፋ አንድ እንኳ ልብ ያለ የለም፤ ወይም ልብ ብሎ ዝም አለ፤ እሱ ይብሳል።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ከጀልባ ሆድ ሥር ተጋድማ ቀይ ቀለም ትቀባለች።

"ቶኪዬ ሳን፣ ስምዎ የለም።"

"ታዲያ ጻፊዋ! እጄ ቀለም ነው።"

በኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። በእሷም በእኔም ስም ላይ ሁለት ሁለት መስመር አሰመርኩ። እኔ ማኅተሜን መታሁ፤ እሷ ቀለም የነካ አውራ ጣቷን ተጫነች። የቀሩትን ሰባት ቤቶች ራሴ አንኳኳሁ። ሦስቱ ሰረዙ። አራቱ "ያስቸግራል" ብለው በሩን በትሕትና ዘጉብኝ። የከተማው አስተዳደር ስለ ንድፉ የሚወስነው በወሩ መጨረሻ ነው፤ አምስት ስረዛ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

እናንተ ግን፣ እባካችሁ፣ የሰፈር ወረቀት እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ስሞቹን ቁጠሩ። የጎደለ ጎረቤት ካለም ከመፈረማችሁ በፊት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።