የሰባት ቁጥር ጭን

በየነ በጎባ ከተማ በአንድ የእንስሳት ምርመራ ቤት ጥንቸል ጠባቂ ሆኖ በተቀጠረ በዓመቱ ሚስቱ ሞተችበት። ሰዉ ቀብሯት፣ አልቅሶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ደጁን የረገጠ የለም። ጥንቸል ለክርስቲያን እርም ነው። በየነም ቢሆን ያበላቸው ነበር እንጂ አንድ ቀን በልቷቸው አያውቅም። ይህን ለጎባ ሰው ማን ያስረዳው! የሚካኤል ማኅበር ተራው ሲደርስ፣ «አንተ ብቻህን ነህ፣ አትቸገር» ብለው ጽዋውን ለቀጣዩ ቤት ሰጡት። አዛኞች! እጁን ተጸይፈው እንደሆነ አልጠፋውም።

በ1963 ዶክተር ፀጋዬ የሚባል ወጣት ሐኪም ጥናት ጀመረ። ስድስት ጥንቸሎች በየቀኑ በግቢው ይሮጣሉ፤ ሌሎቹ ስድስት ከጠባብ ሣጥናቸው ንቅንቅ አይሉም። በስድስተኛው ወር ሁሉም ይታረዱና የጭናቸው ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ነክቶት፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መሮጥ የጡንቻቸውን ክር ይለውጠው እንደሆነ ለማወቅ ነው።

«አደራ፣ አቶ በየነ፣ እነዚህ ስድስቱ እንዳይወጡ» አለው ዶክተሩ።

በየነ አደራውን በላ። ከተራራው ጉም ሲወርድና ሠራተኛው ሲበተን፣ ከማይወጡት አንዱን፣ ሰባት ቁጥርን፣ በጋቢው ሸሽጎ ግቢው ዳር ወዳለች ቤቱ ይወስደው ጀመር። ጥንቸሉ ከመደቡ እስከ በሩ ሲፈተለክ፣ እሱ ውሎውን ያወራለታል። የሚሰማው ሌላ ሰው አልነበረውም።

የማረጃው ቀን ደረሰ። እውነቱን ቢናገር ከሥራ መባረሩ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ሰባት ቁጥርን ራሱ አቅፎ አመጣው። ጆሮውን ደባብሶ ለዶክተሩ አስረከበው።

በሳምንቱ ዶክተሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ።

«አቶ በየነ፣ ሰባት ቁጥር ሲሮጥ ነው የከረመው።»

«ማን ነገረዎት?»

«ጭኑ ነዋ። ክሩ ከሯጮቹ አይለይም።»

በየነ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ፤ ቤቱ ሰው እንደማይመጣም ጭምር።

«ታዲያ ልታባርሩኝ ነው?»

«ኧረ እርስዎን ማን ያባርራል!» ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ሰባት ቁጥርን ሰረዘ። «ግን ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ? ለጥናቱ ስለማይሆን ያን ጊዜውኑ አወጣው ነበር። ምን ሊያደርግልኝ? እርስዎው ጋ ይኖር ነበር።»

በየነ እሺ ብሎ ወጣ። ለአዲሶቹ ጥንቸሎች አሥራ ሁለቱን ሣጥን ማጠብ ነበረበት። አሥራ አንዱን አጠበ።