የአንቺ ጎንና የፖስታው ጎን

አርዲስ ሆቭላንድ በሞንታና ገጠር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፖስታ ስታድል ከመንገድ የተመለሰችው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። እሱንም ጂፗ አስገድዷት ነው።

ጂፑ እንደ አገሩ ሌሎች መኪኖች አይደለም። መሪው በቀኝ ነው፤ ሹፌሩ ወደ መንገዱ ዳር ተጠግቶ፣ ሳይወርድ፣ በመስኮት እጁን ዘርግቶ የደብዳቤ ሣጥን እንዲከፍት ተብሎ የተሠራ። በግራው ወንበር ሰው አይቀመጥበትም፤ የፖስታው ትሪ ነው የሚቀመጥበት። አርዲስ በቀን ሁለት መቶ አሥራ አራት ሣጥን ጋ ትቆማለች። እንዲህ እየቆመ የሚሄድ ሰው መኪናውን በጆሮው ያውቀዋል። ከመስከረም ጀምሮ ከፊት ጎማ በኩል ጭር ጭር የሚል የወፍ ድምፅ ይሰማት ነበር። ኅዳር ሲገባ ወፉ መዶሻ ሆነ።

ያን ቅዳሜ የሎሰን ሸለቆ አፍ ላይ ስትደርስ መሪውን ባጠማዘዘች ቁጥር ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። ሸለቆው ውስጥ መኪና ቢሰበር ስልክ አይሠራም፤ አላፊ አግዳሚም የለም። አዙራ ተመለሰች። ትሪው ላይ ግን የሌላንድ መድኃኒት ነበር።

ሌላንድ ከሸለቆው ጫፍ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ ስድስት ዓመት ከብት አርቢ ናቸው። የልብ ክኒናቸው በየወሩ በፖስታ ይመጣል። ፖስታ ቤት ደርሳ ደወለችላቸው።

"ስንት ቀርቶዎታል?"

"እስከ ሰኞ ማታ ይበቃኛል። ምን አስጨነቀሽ? የኔ ልብ ካንቺ መኪና ይሻላል።"

"እሱስ እውነትዎን ነው።"

ሬዲዮው እሑድ በረዶ እንደሚጥል ሲናገር ውሏል። በረዶ ከጣለ ደግሞ ወደ ሸለቆው የሚያስገባው እንደ ጂፗ አራቱንም ጎማ የሚያዞር መኪና ብቻ ነው። የጎረቤቶቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች አጋዘን አደን ወጥተዋል። እንዲህ ያለውን ጥገና በቤት የሚሠራው ባሏ ኤልደን ነበር። ኤልደን በሚያዝያ ተቀብሯል።

ወደ ጎረቤቷ ወደ ኦሪን ሄደች። ኦሪን ለሠላሳ ዓመት የመንገድ ሥራ ማሽኖችን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

"የፊቱ ክሮቼራ ነው" አለችው። ጎማው ወደ ጎን ሲታጠፍም አክስሉ መዞሩን እንዳያቆም የሚያደርገውን መስቀል መሳይ ብረት ማለቷ ነው።

"በየት በኩል ያለው?"

"በሹፌሩ በኩል።"

"ሰምተሽ ነው ገምተሽ?"

"ሁለት ወር ሙሉ ሰምቼ።"

ኦሪን ከከተማ ለሚመለስ ዘመዱ ደወለ። መደብሩ ዘጠና ማይል ይርቃል፤ የቀረውም አንድ ክሮቼራ ብቻ ነበር። እሱኑ ገዝቶ አመጣለት።

እሑድ ጠዋት አርዲስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ኦሪን "እኔ ከእግዜር ጋር የምነጋገረው መኪና ሥር ተኝቼ ነው" ብሎ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ የአጋዘን ሥጋ ሾርባ አሙቃ፣ ድስቱን ይዛ ወደ ጋራዡ ስትገባ ጂፑ በክሪክ ተነሥቷል። የግራው ጎማ ወልቋል። ኦሪን ትልቁን ዳዶ እያጠበቀ ነበር።

"ኦሪን።"

"እ?"

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ጨረስኩልሽ እኮ።"

"እኔ የምነዳው የት ተቀምጬ ነው?"

ኦሪን ቀና አለ። የግራውን ወንበር አየ። የቀኙን አየ። መሪው ቀኝ ነበር። ቁልፉን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሹፌሩ ጎን ሲሉኝ ግራ ነው" አለ።

"የኔ ቀኝ ነው።"

"ታዲያ ለምን ቀኝ አላልሽም?"

እቤት ውስጥ ይህ ችግር ተነሥቶ አያውቅም። ኤልደን ቀኝም ግራም አይልም ነበር። እሷ የምትቀመጥበት "የአንቺ ጎን" ነው፤ ሌላው "የፖስታው ጎን"። "የፖስታው ጎን ጎማ አየር ቀንሷል" ይላታል፣ በቃ ይግባባሉ። "የሹፌሩ ጎን" የሚለውን ቃል ትናንት ነው ከሰው የተዋሰችው።

ይህንኑ ባጭሩ ነገረችው። ኦሪን እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

"ኤልደን ቢኖር ይስቅብኝ ነበር" አለ።

"እስከ ፋሲካ።"

ተቀምጠው ሾርባውን በሉ። መደብሩ እሑድ አይከፈትም። ከተራራው ጀርባ ያለው ደመና እንደ እርሳስ ከብዷል። አርዲስ ነገ ለሌላንድ ምን ብላ እንደምትደውል እያሰበች ነበር። ኦሪን ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሣና ከግራው ጎማ ያወጣውን አሮጌ ክሮቼራ ከወለሉ አነሣ። በጣቱ አዟዟረው።

"ስፈታው፣ ይሄ ምኑ ተበላሸ ብዬ ነበር" አለ። "ግን ካንቺ ጆሮ ጋር ማን ይሟገታል?"

"በመዶሻ ነው ያወጣኸው?"

"በሞርሳ ጨምቄ። በመዶሻ ቀጥቅጦ የሚያበላሸው ልጄ ነው።"

"እንግዲያ ደህና ነዋ።"

"ደህና ነው። መጠኑም ለሁለቱም ጎን አንድ ነው።" ክሮቼራውን እጇ ላይ አኖረላት። "ግን አሁን የምትሠሪው አንቺ ነሽ። እኔ ጎን አላውቅም።"

አርዲስ የኤልደንን ቱታ ለበሰች። እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው። የቀኙን ጎማ አወለቀች፤ የፍሬኑ የላስቲክ ቧንቧ እንዳይወጠር የፍሬኑን መያዣ በሽቦ አንጠለጠለች። ከኋላ ያሉት ሦስት ቡሎኖች ዝገዋል፤ ቁልፉ ላይ ቆማ በክብደቷ ፈታቻቸው። አክስሉን ስባ ስታወጣው የድምፁ ባለቤት ተገኘ። ከክሮቼራው አራት ክዳኖች አንደኛው ሲከፈት ውስጡ ብረት የሚባል አልቀረም፤ እንደ በርበሬ ዱቄት ያለ ቀይ ዝገት ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ኦሪን ዝገቱን ቁልቁል አየው። "ሸለቆው ውስጥ ነበር የሚለቅሽ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ደኅነኛውን አጠቡት። በአራቱም ክዳኖች ውስጥ እንደ ልብስ መስፊያ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ አንድም መጉደል የለበትም። አርዲስ በግራሶ እያጣበቀች አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። አራተኛው ክዳን ላይ አንድ ጎደለ። ሁለቱም ተንበርክከው ወለሉን በማግኔት ጠረጉት። ቆይቶ አርዲስ ቀና ስትል ብረቷን የኦሪን ክርን ላይ ተለጥፋ አየቻት።

"ይኸው ሌባው!"

"ለራሴ መኪና አስቤ ነው" አለ ኦሪን፣ ክርኑን እየሰጣት።

ክሪኩ ወርዶ ጎማው መሬት ሲነካ የመጀመሪያው በረዶ እየጣለ ነበር። ልታመሰግነው ስትጀምር አቋረጣት። "እኔ የሠራሁት የፖስታውን ጎን ነው። ፖስታው ያመስግነኝ።"

ሰኞ በረዶው እስከ ጉልበት ነበር። ሸለቆው አፍ ላይ አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ማርሽ አስገባችና ቀስ ብላ ወጣች። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ከጎማው ሥር ከሚሰበረው በረዶ በቀር ምንም አልነበረም።

ሌላንድ ሣጥናቸው ጋ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ባርኔጣቸው ነጭ ሆኗል።

"ዘገየሽ" አሉ።

"ሁለት ቀን።" መድኃኒቱን በእጃቸው ሰጠቻቸው። ፓኬቱን ኮታቸው ውስጥ፣ በልባቸው በኩል ሸጎጡት።

ለመመለስ መሪውን እስከ መጨረሻው አጠማዘዘች። ቋ የሚል ድምፅ የለም። "አመሰግናለሁ" አለች ሳታስበው።

"ምን አደረግሁልሽ?" አሉ ሌላንድ።

"እርስዎን አይደለም።"

"ታዲያ ማንን?"

ትንሽ አሰበች። "ብዙ ናቸው። ይልቅ ይግቡ፣ ይበርድዎታል።"

ገና ዘጠና ሦስት ሣጥን ይቀራት ነበር።